ሳህኑና አውራ ዶሮው

አስተርጓሚው ሃሪ ጾይ ትንሽ ነጭ የሲኒ ሳህን ሲያቀብለው ምግብ አብሳዩ ማክ ሳን በሁለት እጁ ተቀበለና አመሰገነ። ከዚያ ሲኒው እስኪመጣ ጠበቀ።

ሲኒ አልመጣም። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ከኋላ አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለዋል። ማክ ሳን ሳህኑን ምስክር በሚቆምበት ሣጥን ጠርዝ ላይ፣ ክንድ እንዳይነካው ራቅ አድርጎ አስቀመጠና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«አጎቴ፣ ይስበሩት እንጂ» አለው ሃሪ ጾይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑን?»

«ሳህኑን።»

«ምን አደረገኝ?»

«ምንም አላደረገዎትም። መሐላ ነው። ይሰብሩትና፣ ከዋሸሁ ነፍሴ እንደዚህ ሳህን ትሰበር ይላሉ።»

«ማነው እንዲህ የሚለው?»

«እኛ ነና። ቻይናውያን።»

ማክ ሳን አስተርጓሚውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ሃሪ ጾይ ቪክቶሪያ ከተማ የተወለደ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ጸጉሩን እንደ ፈረንጅ የተቆረጠ ወጣት ነው።

«እኛ ስትል የትኞቻችን?» አለው።

የአውራጃው ፍርድ ቤት ቻይናዊ ምስክር ሲቀርብለት ሳህን ማስሰበር ለምዷል። ልማዱ ከየት እንደመጣ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ ከእንግሊዝ አገር ከሕግ መጻሕፍቱ ጋር ተጭኖ የመጣ ነው ይባላል። ማክ ሳን በተወለደበት በቻይና ሆይሳን ገጠር ሳህን የሚሰብር ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ከምራቷ የተጣላች አማት ናት። ምግብ አብሳይ ከሰበረማ የገዛ ጉሮሮውን እንደዘጋ ይቆጠራል።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «ምስክሩ ለመማል እምቢ አለ?»

ሃሪ ጾይ ትንሽ አሰበ። «እምቢ አላለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ሳህኑ አሳዝኖት ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዳኛው አልሳቀም። ሕጉ ከምስክሩ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በሚያምንበት ነገር መማል። ሳይምል የተናገረው አይሰማም። ዳኛው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠረና ተነሣ።

ተከሳሹ ሎው ኪት በሁለት ፖሊሶች መካከል ሆኖ ይህን ሁሉ ተመለከተ። ይዘውት ሲወጡ አንገቱን መልሶ ያየው ማክ ሳንን ሳይሆን ሳህኑን ነበር።

ሎው ኪት ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ባለው የቶርን ደሴት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ዓሣ እየሰነጠቀ ሆድ ዕቃ ያወጣ ነበር። ክሱ ካቦውን ሬንፍሩን በቢላ ወግቷል የሚል ነው። ሬንፍሩ የተሰፋ መዳፉን ለፍርድ ቤቱ አሳይቶ፣ ሥራ ታዘገያለህ ብዬ ስቆጣው ዞር ብሎ ወጋኝ ብሏል። ማክ ሳን ያየው ሌላ ነው። ለፋብሪካው ሠራተኞች ያበሰለውን የምሳ ሩዝ ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ካቦው የሎው ኪትን የጸጉር ጉንጉን ግራ እጁ ላይ ጠምጥሞ እየጎተተው ነበር። ወለሉ በዓሣ ልጋግ ረጥቧል። ካቦው አዳለጠው፤ ልደገፍ ብሎ የዘረጋው ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ቢላ ላይ አረፈ። ሌሎቹ ሠራተኞች ፊታቸው ወደ ዓሣው፣ ጀርባቸው ወደ በሩ ነበር። ዓሣ በሚጎርፍበት ሰሞን ዞር ብሎ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከማክ ሳን በቀር ለሎው ኪት የሚናገር አልነበረም።

ከተፈረደበት ወህኒ ይወርዳል፣ እዚያ ጉንጉኑ ይቆረጣል፣ ጊዜውን ሲጨርስ በመርከብ ተጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። የቻይና ንጉሠ ነገሥት ገና በዙፋኑ ላይ ነበር፣ ጉንጉን መቁረጥም እንደ ዐመፅ ይቆጠር ነበርና፣ ያለ ጉንጉን ከመርከብ የሚወርድ ሰው ወደቡ ላይ የሚጠብቀው ወታደር እንጂ እናቱ አይደለችም።

*

የቻይና ቆንስላ ቫንኩቨር ከተማ በፔንደር ጎዳና፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ዘንዶ ያለበት ቢጫው ባንዲራ በመስኮቱ ተንጠልጥሎ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ቆንስሉ ፓን ዪንግ-ቺ ወጣት ነው ሊባል የሚችል፣ የአገሩን የመንግሥት ሹመት ፈተና አልፎ በኋላም ባሕር ማዶ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። ጉንጉኑን ባርኔጣው ውስጥ ጠቅልሎ ይሸሽገዋል። ከመጣ ጀምሮ ለአገረ ገዢው፣ ለወህኒ ቤቱ፣ ለመርከብ ተቆጣጣሪው ያልጻፈው አቤቱታ አልነበረም። የተሳካለት አንዱ ብቻ ነው፤ ገና ያልተፈረደበት እስረኛ ጸጉሩ እንዳይቆረጥ አድርጓል።

መሐላውን በሚመለከት ግን አቋሙ የጸና ነበር። ባለፈው የጸደይ ወቅት አንድ የግድያ ጉዳይ ሲታይ ፍርድ ቤቱ ምስክሮቹን በአውራ ዶሮ አስማላቸው። በሆይሳን ሰዎች ዘንድ ከዚያ የሚበልጥ መሐላ የለም፤ ቢጫ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ይነበባል፣ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ የነጭ አውራ ዶሮ አንገት በአንድ ምት ይቆረጣል። በማግሥቱ አንድ ጋዜጣ የቆንስሉን መነጽር ያደረገ አውራ ዶሮ ሥሎ አወጣ። ፓን ለፍርድ ቤቱ ጻፈ። ዜጎቻችን እንደማንኛውም ሰው በቃላቸው ይታመኑ፣ ከእንግዲህ በዶሮ እንዳይምሉ ሲል ጠየቀ። ፍርድ ቤቱም ጥያቄውን ተቀበለ።

ማክ ሳን ወደ ቆንስላው በተጠራበት ቀን የቆንስሉ ጸሐፊ ዩንግ ሻይ አቀረበለት። ማክ ሳን ሲኒውን አነሣ፤ ከሥሩ ሳህን አለ።

«ይኼም የሚሰበር ነው?» አለ።

«ይኼኛው ለሻይ ነው፣ አጎቴ» አለው ዩንግ።

ቆንስሉ ፈገግ አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። ለሎው ኪት የቆመው ጠበቃ ኦርምስቢ አጥንቶታል፤ መሐላ የማይስማማው ምስክር እውነት እናገራለሁ ብሎ ቃል መስጠት ይችላል። «ዳኛው አንድ ጥያቄ ይጠይቁሃል። የሰጠኸው ቃል ሕሊናህን ያስረዋል ወይ ይሉሃል። አዎ ትላለህ። ከዚያ ያየኸውን ትናገራለህ። ሳህን የለም፣ ዶሮ የለም።»

«ቃል ብቻ?»

«ቃል ብቻ።»

ማክ ሳን ሻዩን ቀመሰና አስቀመጠው። «ጌታዬ፣ በቃል ብቻ ከሆነማ እኔ በየቀኑ ነው የምዋሸው። ሩዙ ሳይበስል ደርሷል እላለሁ። የትናንቱን ዓሣ የዛሬ ነው እላለሁ። የመቶ ሰው ምግብ የሚያበስል ካልዋሸ ይደበድቡታል።»

«ይኼ ፍርድ ቤት ነው። ከወጥ ቤት ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«አይገናኝም። እኔም አውራ ዶሮ ይምጣልኝ የምለው ለዚህ ነው።»

«አውራ ዶሮ አይኖርም።»

«እሺ።»

«አዎ ትላለህ እንግዲህ?»

ማክ ሳን ጉልበቱን በመዳፉ አሻሸ። «ጌታዬ፣ አይቆጡኝ። ቃሌ ብቻውን አያስረኝም። ያስረኛል ካልኩ ገና ስጀምር ዋሸሁ ማለት ነው። አስቀድሜ ዋሽቼ፣ ከዚያ እውነት ልናገር? ደግሞም ነጮቹን ይተዋቸው። የራሳችን ሰዎችስ? ሠራተኛ የሚቀጥርልን ደላላ አርፈህ ተቀመጥ ብሎ ልኮብኛል። ዶሮ ካረድኩ እሱም አፉን ይዘጋል። በባዶ አፍ ከተናገርኩ ግን፣ ማክ ለአገሩ ልጅ ብሎ ዋሸ ይላሉ። የኪትም እናት ሳትቀር ትጠራጠራለች።»

ፓን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ቀጥሎም ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። «አንተ አንድ ቀን ትመሰክራለህ። እኔ ግን ከአንተ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ነው የማስበው። በአንተ ዶሮ ምክንያት ከአሁን በኋላ ማንኛችንም እነሱ ፊት በቆምን ቁጥር ቢላ አምጡ ይሉናል።»

«ገባኝ» አለ ማክ ሳን።

ሲወጣ ዩንግ እስከ ደረጃው ሸኘው። «ያሰቡትን ያድርጉ ልልዎት አልችልም» አለው።

«አንተ ምንም አትበል። ሻዩ ጥሩ ነበር።»

*

ዩንግ ለሎው ኪት ልብስ ለማድረስ ወደ እስር ቤቱ ሄደ። የተነጋገሩት በብረት ፍርግርግ በኩል ነበር። ሎው ኪት ጉንጉኑን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ሌሎቹ እስረኞች ስለሚጎትቱት ነው።

«አጎት ማክ ያንን ሳህን ምናለ ቢሰብረው?» አለ። «ሦስት እገዛለት ነበር።»

ዩንግ የተባለውን ሁሉ ነገረው። ቆንስሉ ለምን እምቢ እንዳለ ሲያስረዳ የቆንስሉን ቃላት አንድም ሳያጎድል ለመድገም ሞከረ፤ በራሱ አፍ ቢያሳጥረው ያደላ መሰለው።

«ታዲያ ነገሩ አንድ ዶሮ ነው?» አለ ሎው ኪት።

«አንድ ዶሮ አይደለም። ስለ ሁላችንም ክብር ነው።»

«ልክ ነው። ለእኔ ግን አንድ ዶሮ ነው።»

ዩንግ የልብሱን ጥቅል ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«አልተቀየምኩም» አለ ሎው ኪት። «ስለ ጸጉሬ አመስግንልኝ። እዚህ ሲያስገቡኝ አንዱ መቀስ ይዞ መጣ፤ ሌላው የቆንስላ ወረቀት አለ ብሎ መለሰው። እኔ ወረቀት እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ግን ወረቀቱ የሚሠራው እስኪፈረድብኝ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እነዚያ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ይጨርሱ። የሚቸኩል የለም።»

ይህን ሲል ሳቀ። ዩንግ ልብሱን በፍርግርጉ ሥር አሳልፎ ሰጠውና ወጣ።

*

ከፔንደር ጎዳና በስተኋላ ባለው ቀጭን መንገድ ወይዘሮ ቺዩ የምትባል መበለት ዶሮና አትክልት ትሸጥ ነበር። ዩንግ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ወደ እሷ ሄዶ የዶሮ ጎጆዎቹ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለእራት።»

«ለእራት የሚገዛ ሰው ደረቱን ነው የሚጫነው። አንተ ክንፉን እየገለጥህ ጥቁር ላባ እንዳይኖረው ትፈትሻለህ።»

«ነጭ ይሻለኛል።»

«የኪት ነገር ነው?»

«አክስቴ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።»

«ማን ይሰማኛል? ዳክዬዎቹ?» ግን ዝቅ አደረገች። «ቆንስሉ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ወይዘሮ ቺዩ ጎጆዎቹን አልፋ ከጓዳ አንድ አውራ ዶሮ ይዛ ወጣች። ኩክኒው ቀይ፣ ላባው እስከ ጅራቱ ነጭ ነበር። ለራሷ የያዘችው እንደሆነ ያስታውቃል። እግሩን አሰረችና ቅርጫት ውስጥ አስገባችው፣ በላዩም የጎመን ቅጠል ደረበችበት።

«እኔ ዶሮ አልሸጥኩልህም» አለች። «አንተም አልገዛኸኝም። ይኼ ጎመን ነው። ቆንስሉ ካባረረህ ደግሞ ሥራ ፍለጋ እዚህ እንዳትመጣ፤ ላባ የሚነቅል ሰው አለኝ።»

*

በቀጠሮው ቀን ቆንስሉና ጸሐፊው ወደ አውራጃው ከተማ የሄዱት በኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ዩንግ ቅርጫቱን ከእግሩ ሥር አደረገ። ባቡሩ ድልድዩን ሲያቋርጥ ከጎመኑ ሥር መፈራገጥ፣ ከዚያም አንድ አጭር የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ፓን ጋዜጣ ያነብ ነበር። ገጹን ገለጠ።

ፍርድ ቤቱ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ሰምተው በመጡ ሰዎች ሞልቷል። አንዱ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዟል። ቆንስሉ ከፊት አግዳሚ ተቀመጠ፤ ዩንግ አጠገቡ። ሬንፍሩ የታሰረ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከወዲያኛው ወገን ተቀምጧል።

ጠበቃ ኦርምስቢ ተነሣና ምስክሩ ሳይምል በቃሉ እንዲናገር እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ዳኛው ወደ ማክ ሳን ዞረ።

«እውነት እናገራለሁ ብለህ ቃል ብትሰጥ፣ ቃልህ ሕሊናህን ያስረዋል?»

ሃሪ ጾይ ተረጎመ። ማክ ሳን መጀመሪያ ቆንስሉን፣ ቀጥሎ ሎው ኪትን አየ። ሎው ኪት ግን ወለሉን እያየ ነበር።

«አያስረኝም ማለት አልፈልግም ነበር» አለ ማክ ሳን። «ያስረኛል ብል ግን ውሸት ነው። እንዲህ ብለህ ንገራቸው።»

ሃሪ ጾይ አዎ ይላል ብሎ ቢተረጉም በክፍሉ ውስጥ የሚያውቁበት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አራቱም አይናገሩም። ከረባቱን አስተካከለና የተባለውን እንደተባለው ተረጎመ።

«ታዲያ ምን ያስረዋል?» አለ ዳኛው።

«አውራ ዶሮ።»

ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። «የቻይና መንግሥት ቆንስል መሐላው በዚህ ዓይነት እንዳይፈጸም በጽሑፍ ጠይቀው ፍርድ ቤቱ ተስማምቷል። ምስክሩ በሌላ መንገድ አልምልም ካለ ሊወርድ ነው። ከቆንስሉ የሚባል ነገር አለ?»

ኦርምስቢ ወደ ፓን ዞሮ ተመለከተ። ፓን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ቆየ። ወደ ዩንግ ሳይዞር በዝግታ፣ በአገራቸው ቋንቋ ጠየቀው።

«ጎመኑ ነጭ ነው?»

ዩንግ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ። «ነጭ ነው፣ ጌታዬ።»

ቆንስሉ ተነሣ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ክቡር ዳኛ፣ ተቃውሞዬን ለዚህ ምስክርና ለዛሬ ብቻ አነሣለሁ። ለሌላው ሁሉ እንደጸና ይመዝገብልኝ።»

«ይመዝገብ» አለ ዳኛው። «ግን እዚህ ወለል ላይ ደም አልፈልግም።»

*

ወደ ጓሮው ወጡ። የምድጃ እንጨት የሚፈለጥበት ግንድ ነበር፤ ማክ ሳን ከቢሮ የተዋሰውን ጨርቅ እያረጠበ ጠረገው። ሁለት ሻማ ከኪሱ አወጣ፣ ሦስት የዕጣን እንጨት አወጣ፣ የታጠፈ ቢጫ ወረቀትም አወጣ። ዝግጁ ሆኖ እንደመጣ ሁሉም አየ። ዶሮ ብቻ አልያዘም፤ ከቆንስሉ ፊት ይዞ መምጣት ነውር መስሎት ነው።

ወረቀቱ ባዶ ነበር። ማክ ሳን የራሱን ስም ብቻ ነው መጻፍ የሚችለው። ሃሪ ጾይ ፈረንጅኛ እንጂ የአባቶቹን ፊደል በቅጡ አልተማረም። ዩንግ ብሩሽና ቀለሙን ከቦርሳው አወጣ፤ እጁ ግን በዶሮው ተይዟል፣ ዶሮው ደግሞ ከተፈታ ጀምሮ እየታገለው ነው።

«አምጣው» አለ ፓን።

ካፖርቱን አወለቀና ለኦርምስቢ አስያዘው። ወረቀቱን ግንዱ ላይ ዘረጋ። «በል፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለው ማክ ሳንን።

«ከዋሸሁ እንደዚህ ዶሮ ልሙት። አጥንቴ አገሬ አይግባ። ከኋላዬ ስሜን የሚጠራ አይኑር።»

ፓን ለፈተና እንደሚቀመጥ ሰው ጀርባውን አቅንቶ ጻፈ። አንድ ፊደል ስላልጣመው ቆም ብሎ አየው፣ ግን አልሰረዘውም። ፎቶግራፈኛው ቀረበ። ዩንግ ሊከልለው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ቆንስሉ ቀና ሳይል «ተወው» አለው። መሣሪያው ሲጮህ ፓን ብሩሹን ይዞ፣ በስተቀኙ ነጩ አውራ ዶሮ ክንፉን ዘርግቶ ነበር።

ማክ ሳን ተንበርክኮ ወረቀቱን ለስሙ ሃሪ ጾይ፣ በእርግጥ ግን ፓን ራሱ እያነበበለት፣ ቃል በቃል ደገመው። ወረቀቱ ተቃጠለ። ዩንግ ዶሮውን ግንዱ ላይ ይዞ ፊቱን አዞረ። ማክ ሳን ከፍርድ ቤቱ ጠራጊ የተዋሰውን ቢላ አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ዶሮ ሲያርድ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ መምታት ነበረበት።

ተመልሰው ገቡ። ማክ ሳን እጁ ላይ ደም እንዳለ ምስክር ሣጥኑ ውስጥ ቆመና ያየውን ተናገረ። ጉንጉኑ የካቦው ግራ እጅ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር አለ። ሰውየው ሲወድቅ ስላልለቀቀው ሎው ኪትም አብሮት ወደቀ፤ ጸጉሩን ከካቦው ጣቶች ያላቀቅሁት እኔ ነኝ አለ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ ምን ይዘህ ነበር?»

«ሩዝ።»

«ሰው ሲደማ እያየህ ለምን አልጮህክም?»

«መጀመሪያ ሩዙን ማስቀመጥ ነበረብኝ።»

«ከሰው ሩዝ ይበልጥብሃል?»

«እርስዎ መቶ የራበው ሰው አያውቁም» አለ ማክ ሳን። ሃሪ ጾይ ይህን ለስለስ አድርጎ ተረጎመው።

ዳኛው ሬንፍሩን አስነሣ። ጸጉሩን ነክተሃል ወይ ሲለው ሬንፍሩ ጨርሶ እጄን አላሳረፍኩበትም አለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትከሻውን ይዤ ነበር ብሎ ነበር። ዳኛው ወደ ኋላ ገልጦ አነበበ። ከሁለቱ ማንን እንደሚያምን እንዳልወሰነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ለተከሳሹ ግን የዳኛው አለመወሰን ይበቃዋል። ክሱ አልተረጋገጠም ብሎ ሎው ኪትን በነጻ አሰናበተው። ስለ ካቦው የተናገረው ነገር አልነበረም።

ባቡሩ ውስጥ ቆንስሉና ጸሐፊው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው ጎመን ብቻ ነበር።

«ከአሁን በኋላ እንዲህ ስታደርግ ትነግረኛለህ» አለ ፓን።

«ብነግርዎ ይፈቅዱ ነበር?»

«አልፈቅድም።»

ዩንግ ቅርጫቱን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋ። ቆንስሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም በመሐረብ እየጠረገ ቆየ።

ፎቶግራፉ በሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፓን ራሱ ቆርጦ መዝገብ ውስጥ አስቀመጠው፤ በሚቀጥለውም ሰኞ ስለ ምስክሮች መሐላ ለአገረ ገዢው አዲስ አቤቱታ ጻፈ፤ ከቀድሞው አንድ ቃል አልለወጠም። ሬንፍሩ እጁ ሲድን ወደ ሥራው ተመለሰ። ደላላው ማክ ሳንን ከዚያ በኋላ ስላልቀጠረው ማክ ሳን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሌላ ወንዝ ሄዶ ማብሰሉን ቀጠለ። የመሐላ ዶሮ ስለማይበላ እዚያው ጓሮ ትተውት ነበር፤ ፍርድ ቤቱን የሚጠርገው ሰውዬ ወደ ቤቱ ወስዶ በላው ይባላል፣ ምንም አልሆነም።

ሎው ኪት በፍርዱ ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ወንዙን ተሻግሮ በሌላ ማሸጊያ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ዓሣው ገና ይጎርፍ ስለነበር በማግሥቱ ጠዋት ጉንጉኑን ኮፍያው ውስጥ ጠቅልሎ ሥራ ገባ።